ዋግ በፔዳል

በሰሜን ኢትዮጵያ ወደሚገኘው ዋግ ለመግባት ከአላማጣ ወደ ኮረም የሚወጣ ብስክሌተኛ ፀሐይ ሳትበረታ መነሣት አለበት። አላማጣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ በራያ ሙቀት ውስጥ ተዘርግታለች፤ ኮረም ደግሞ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይዋ፣ ብርድ ላይ ናት። በመካከላቸው ያለው መንገድ ጣሊያን በወረራው ዘመን ከገደሉ ላይ ፈልፍሎ ያወጣው የግራት ካሕሱ ጠመዝማዛ ነው። ለመኪና ተሳፋሪ የማቅለሽለሽ ጉዳይ ነው፤ ለብስክሌተኛ ግን የግማሽ ቀን ሥራ ነው። አንዱን ኩርባ ጨረስኩ ሲል ሌላው ከራሱ በላይ ይታየዋል። አይሱዙ በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተ ሲያልፈው ጭሱን ትቶለት ይሄዳል። ደብተር የያዙ ተማሪዎች በእግራቸው ይደርሱበትና አጠገብ ላጠገብ እየሄዱ ያወሩታል፤ ፍጥነቱ ከእነሱ እርምጃ ብዙም አይበልጥምና። «ጋሼ፣ ለምን መኪና አይሳፈሩም?» ይሉታል። ጥያቄው ተገቢ ነው።

አቀበቱን በቁጥር ማየት ይቻላል። ሰውየው፣ ብስክሌቱና ጓዙ ተደምረው 95 ኪሎ ቢመዝኑ፣ ይህን ክብደት 1,000 ሜትር ሽቅብ ለማንሳት ሰውነቱ 900 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ያቃጥላል። ጡንቻ ከሚያቃጥለው ኃይል ፔዳል ላይ የሚደርሰው ሩቡ ያህል ብቻ ነው፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ በላብ ይወጣል። 900 ኪሎ ካሎሪ ወደ በሶ ሲመነዘር ሩብ ኪሎ ይሆናል። የድሮ ዘማችና ሲራራ ነጋዴ ስንቁን በሶ ያደረገው አለነገር አልነበረም፦ ቀላል ነው፣ አይበላሽም፣ እሳት አይፈልግም፣ ውኃ ብቻ ይበቃዋል። ከውጭ አገር ታሽጎ የሚመጣውን የብስክሌተኛ ብስኩት ዋጋ ያየ ሰው በዚህ ነገር ከእኔ ጋር አይከራከርም።

የማርሹም ነገር እንዲሁ ነው። በከተሞቻችን የለመድነው ማርሽ የሌለው ብስክሌት የፊት ጥርሱ 44፣ የኋላው 18 ገደማ ነው። ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር ብስክሌቱ አምስት ሜትር ይሄዳል። በየመቶ ሜትሩ አሥር ሜትር በሚነሳ አቀበት ላይ ይህ ማለት በአንድ ዙር ግማሽ ሜትር መውጣት ነው፤ ደረጃን ሦስት ሦስቱን እየዘለሉ እንደመውጣት። ለረጅም ጉዞ የተሠራው ብስክሌት ግን ከፊት 24፣ ከኋላ 36 ጥርስ ሊኖረው ይችላል። ያኔ አንዱ ዙር 14 ሳንቲ ሜትር ብቻ ያነሳል። ድካሙ በጠቅላላው አይቀንስም፤ ጉልበት በሚችለው ልክ ይቆራረሳል እንጂ። ዋግን በባለ አንድ ማርሽ ብስክሌት እዘልቃለሁ የሚል ጎረምሳ ካለ ግፋ ልለው እችላለሁ፤ አብዛኛውን መንገድ የሚሄደው በእርግጥም ብስክሌቱን እየገፋ ነውና።

እንደ ዋግ የእሳተ ገሞራ አሻራ ባለባቸው የሜዲትራኒያን ደሴቶች እንዲህ ያለው ልፋት ገንዘብ የሚከፈልበት መዝናኛ ሆኗል። በሲሲሊ የኤትና ተራራ ዛሬም ይጨሳል፤ ቁመቱ ከ3,300 ሜትር በላይ ነው። የጣሊያን ዙር ውድድር በተደጋጋሚ ወጥቶበታል። ብስክሌተኞቹ ብዙ ጊዜ የሚጨርሱት 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ባለው ሪፉጂዮ ሳፒዬንሳ የተባለ ማረፊያ ነው። በሲሲሊና በቱኒዚያ መካከል ያለችው ፓንተለሪያ ደግሞ ስፋቷ 83 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ከፍተኛው ቦታዋ 836 ሜትር ብቻ ነው። ገበሬዎቿ ከማሳቸው የለቀሙትን ጥቁር ድንጋይ እርከን አድርገው ካቡት፤ ወይናቸውንም ከንፋስ ለመከለል ጉድጓድ ውስጥ ተከሉት። ይህ የወይን አተካከል እ.ኤ.አ. በ2014 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት ተመዝግቧል። እርከኑን ዋግ ውስጥ ላየ ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም። ልዩነቱ በልኩ ላይ ነው። ከአላማጣ ኮረም ያለው አቀበት ብቻውን ከፓንተለሪያ ተራራ ሙሉ ቁመት ይበልጣል። የዋግ ዋና ከተማ ሰቆጣ 2,200 ሜትር ገደማ ላይ ስለተቀመጠች የሰቆጣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ፣ የጣሊያን ዙር ጀግኖች ኤትና ላይ እጃቸውን ከሚያነሱበት ቦታ በላይ ነው።

አፈጣጠሩም ይለያል። ኤትና አንድ ተራራ ነው፤ አፍ አለው፣ ከአፉ ይተፋል። ዋግን የሠራው እሳት ግን የሚታይ አፍ አልነበረውም። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ሆድ የተነሳ ሙቀት የአካባቢውን ቅርፊት ገፍቶ ሰነጠቀው። ከስንጥቆቹም ቅልጥ አለት እንደ ክረምት ጎርፍ ወጥቶ ሜዳውን ሁሉ አለበሰው። አንዱ ሲበርድ ሌላው በላዩ ይፈስሳል፤ አብዛኛው የፈሰሰው በአንድ ሚሊዮን ዓመት ገደማ ውስጥ ሲሆን በአንዳንድ ስፍራ ውፍረቱ ሁለት ኪሎ ሜትር ይደርሳል። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት የተፈለፈሉት ከዚሁ ዘመን ድንጋይ ነው። እሳቱ አልጠፋም፤ ወደ ምሥራቅ ዞረ እንጂ። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሃይሊ ጉቢ ፈንድቶ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ እስከ ሕንድ ሰማይ ተጉዟል።

ይህን ታሪክ ብስክሌተኛ በእግሩ ያነበዋል። እያንዳንዱ የቅልጥ አለት ንጣፍ ሲደርቅ ጠንካራ ጥቁር ድንጋይ ይሆናል፤ በሁለት ንጣፎች መካከል ደግሞ አመድና አሮጌ አፈር ታፍኖ ይቀራል። ዝናብ ለስላሳውን ሲበላ ጠንካራው ገደል ሆኖ ይቆማል። ስለዚህ የዋግ መንገድ ወጥ አቀበት አይደለም፤ ግድግዳ፣ ከዚያ ሜዳ፣ ከዚያ ሌላ ግድግዳ ነው። በግድግዳው ላይ ትንፋሽ ያጥራል፣ ሰንሰለት ይንጫጫል፤ ሜዳው ላይ የጤፍ ወይም የገብስ ማሳ፣ የንብ ቀፎ፣ ቤተ ክርስቲያን ይመጣል። ዝናብ በላይኛው ንጣፍ ስንጥቆች ሰርጎ ውኃ የማያሳልፈው አፈር ላይ ሲደርስ ወደ ጎን ይሄድና ከገደሉ ሥር ምንጭ ሆኖ ይፈልቃል። መንደሮች ገደል ሥር ወይም ገደል አፋፍ ላይ የተሰለፉበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ጀሪካን የተሸከመች ልጅ ከየት እንደምትመጣ ያየ ብስክሌተኛ ኮዳውን የት እንደሚሞላ ያውቃል፤ የውኃ ማጣሪያውን ግን አይርሳ።

ካርታ ይህን ሁሉ ይደብቃል። ከኮረም ሰቆጣ በአየር ላይ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከላሊበላ ሰቆጣ ደግሞ 65 ያህል። ባህር ዳር ላይ የለመደ ብስክሌተኛ ቁርሱን በልቶ ቢነሳ ለምሳ የሚደርስ ይመስለዋል። መሬት ላይ ያለው መንገድ ግን ወደ ተከዜ የሚገቡ ወንዞች የቆረጡትን ሸለቆ ሁሉ እየወረደና እየወጣ ስለሚሄድ ወደ እጥፍ ይጠጋል፤ ኮረኮንቹም አለ። አየሩም ሳስቷል፦ 2,500 ሜትር ላይ የአየር ግፊቱ ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ቀኑም አይለጠጥም። ሲሲሊ ውስጥ በሰኔ ወር ብርሃኑ ወደ 15 ሰዓት ይጠጋል፤ ዋግ ላይ ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙም አይርቅም፤ ማታ 12 ሰዓት ሲሆን ይጨልማል፣ ምሽቱም ወዲያው ነው። እዚህ በኪሎ ሜትር አቅዶ የሚነሳ ሰው ያመሻል። በአቀበት ቆጥሮ የሚነሳ በጊዜ ይገባል።

ቁልቁለቱ ዕረፍት የሚመስለው ላልወረደው ነው። አቀበቱ ላይ የተከማቸው ኃይል ሁሉ ሲወርዱ በፍሬን መውጣት አለበት፤ የሚወጣውም ሙቀት ሆኖ ነው። ፍሬኑን ጨምቆ የያዘ ሰው የጎማውን ቸርኬ ያግለዋል፤ የጋለ ቸርኬ የውስጥ ጎማ ያፈነዳል፣ ያውም ገደል ጫፍ ላይ። ልምድ ያላቸው ያዝ ለቀቅ እያደረጉ፣ የፊቱንና የኋላውን እያፈራረቁ ይወርዳሉ፤ አለፍ አለፍ እያሉም ቆመው ያበርዱታል። ቢፈነዳ ከተማ ላይ ጎሚስታ አይጠፋም። የጎሚስታው ሙያ ለከባድ መኪናም ለብስክሌትም አንድ ነው፦ የውስጡን ጎማ ነፍቶ ውኃ በሞላ ሳፋ ውስጥ ያዞረዋል፣ አረፋ የሚወጣበትን በጣቱ ይይዛል፣ ያደርቃል፣ ይፍቃል፣ ማስቲሽ ይቀባል፣ እስኪነካከስ ይጠብቃል፣ ከዚያ ቁራጩን ለጥፎ በመዶሻ እጀታ ይደበድበዋል። የዘመናዊ ብስክሌት የነፋስ መግቢያ አፍ ቀጭን ከሆነ ግን የእሱ መንፊያ አይገጥምም። ይህን ቀድሞ ያሰበ ሰው ሳንቲም የማይሞላውን ማገናኛ ኪሱ ይዞ ይመጣል።

የበቅሎን ታሪክ ሳያነሱ ስለዚህ አገር ጉዞ ማውራት ጎደሎ ነው። አየርላንዳዊቷ ደርቭላ መርፊ እ.ኤ.አ. በ1963 ከአገሯ እስከ ሕንድ ብቻዋን በብስክሌት ተጉዛ ስሟን ያስጠራች ሴት ናት። ከሦስት ዓመት በኋላ ወደ ሰሜን ኢትዮጵያ ስትመጣ ግን ብስክሌቱን ትታ በቅሎ ያዘች። ጆክ ብላ ሰየመችው፤ መጽሐፏም በ1968 ታተመ። ብልህ ውሳኔ ነበር። በዚያን ጊዜ ተራሮቹ የሚያውቁት የእግርና የኮቴ መንገድ ነበር። ሰቆጣ ራሷ የኮቴ ከተማ ነበረች፤ ከአፋር በረሃ በግመልና በበቅሎ የሚወጣው አሞሌ ጨው ወደ በጌምድርና ከዚያም ወዲያ ከመሻገሩ በፊት የሚገበያይባት ትልቅ የጨው ገበያ። የዛሬው ብስክሌተኛ የሚጓዘው እንደ ሲራራ ነጋዴው ነው፦ ሌሊት አይሄድም፣ ውኃ ያለበት ያድራል፣ ጭነቱን ይቀንሳል።

የሥርዓቱም ትምህርት ከበቅሎ ይወረሳል። በአገራችን ወግ በበቅሎ የሚሄድ ሰው ቤተ ክርስቲያን ፊት ሲደርስ ይወርዳል፤ የሚያከብረውን ሽማግሌ መንገድ ላይ ሲያገኝም ወርዶ «እንደምን ዋሉ» ይላል። ብዙ የውጭ ብስክሌተኞች ስለ ኢትዮጵያ ሲጽፉ ልጆች ድንጋይ እንደወረወሩባቸው ያማርራሉ። እውነት ነው፣ መካድ አያስፈልግም። እረኛ ልጅ ቀኑን ሙሉ ወንጭፍና ጠጠር ይዞ ዝንጀሮና ወፍ ሲያባርር ይውላል፤ አጎንብሶ፣ የራስ ቁር ደፍቶ፣ ሳይናገር የሚያልፍ ባለ መነጽር ፍጡር ሲያይ እጁ ወደ ለመደው ይሄዳል። ከኮርቻው ወርዶ፣ መነጽሩን አንስቶ ሰላም የሚል ሰው የሚገጥመው ብዙ ጊዜ ሌላ ነው፦ ጥያቄ፣ ሳቅ፣ አቀበቱ ላይ ከኋላ የሚገፉ አራት እጆች። ይህ ምክር ለፈረንጅ ብቻ አይደለም። ከአዲስ አበባ የሚሄደው ወጣትም አገሬ ነው ብሎ ሰላምታውን ሊረሳ ይችላል።

ሰቆጣ ላይ የሚጠብቀው ምንድን ነው? አልጋ አለ፣ ሽሮ አለ፣ ነጭ ማር አለ። የዋግን ማር ያልቀመሰ ሰው ማር ስለመቅመሱ እጠራጠራለሁ። ከተከዜ የሚመጣ ዓሣም አለ፦ 188 ሜትር ቁመት ያለው የተከዜ ግድብ በ2002 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ሐይቁ የአበርገሌና የሰሃላ ቆላ ላይ ዓሣ አጥማጅ ፈጥሯል። ጆሮ የሚሰጥ ሰው ከአማርኛው ጋር ኽምጣና ይሰማል፤ የዋግ አገው ሕዝብ ቋንቋ ነው። በነሐሴ አጋማሽ የደረሰ የልጃገረዶቹን የሻደይ ጨዋታ ያያል፤ ክረምት ነውና ጭቃው ግን ዋጋውን ያስከፍላል። ለብስክሌት ጥሩው ጊዜ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥር ነው፤ መሬቱ አረንጓዴና ቢጫ፣ ምንጩ ሙሉ፣ መንገዱ ደረቅ።

ከከተማዋ ስድስት ኪሎ ሜትር ገደማ ወጣ ብሎ የውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ከድንጋይ ተፈልፍሎ ቆሟል። ፊቱ የአክሱምን የእንጨትና የድንጋይ አሠራር በአለት ላይ ያስመስላል። አጠገቡ የዋግ ሹሞች እንደሆኑ የሚነገር የደረቁ አስከሬኖች በሣጥን ያረፉበት ዋሻ አለ። ዋግሹም ተራ ማዕረግ አልነበረም፤ ከዛጔ ነገሥታት የሚወርድ የሚባል ቤት ነው። ከዚሁ ቤት የወጣው ዋግሹም ጎበዜ ከቴዎድሮስ ሞት በኋላ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብሎ ነግሦ ሦስት ዓመት ገደማ ገዝቷል፤ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በሆኑት ካሣ ምርጫ ዓድዋ አጠገብ ተሸነፈ። ወደ ደቡብ ቢልባላን አልፎ ወደ ላሊበላ የሚወርድ ብስክሌተኛ ደግሞ ከመንገዱ ገንጠል ብሎ ይምርሐነ ክርስቶስን ያገኛል፤ ሰፊ ዋሻ ውስጥ በነጭ ልስንና በጥቁር እንጨት እያፈራረቁ የገነቡት፣ ከላሊበላ የሚቀድም ቤተ ክርስቲያን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ያናድደኛል። ላሊበላ እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ የዓለም ቅርስ ናት፤ አውሮፕላን ማረፊያ አላት፣ ሆቴሎች አሏት። በአውሮፕላን የመጣው ጎብኚ አብያተ ክርስቲያናቱን አይቶ በመጣበት ይመለሳል። ያንኑ የዛጔ ታሪክ የሚቀጥለው ዋግ ግን በአገር ውስጥ ሰው ዘንድ ሳይቀር ስሙ የሚነሳው በድርቅና በእርዳታ ነው። በ2007 ዓ.ም. መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር ለማስቀረት የገባው ቃል ኪዳን በሰቆጣ ስም የተጠራውም በዚሁ ምክንያት ነው። መልካም ቃል ኪዳን ነው፤ ከተማን ግን በአንድ ስም ብቻ ማወቅ ግማሹን አለማወቅ ነው። በላንድክሩዘር የሚያልፍ ጎብኚ አስከተማን በመሰለች ትንሽ ከተማ ላይ ሻይ እንኳ አይጠጣም። ብስክሌተኛ ይራባል፣ ይጠማል፣ ይመሽበታል። ገንዘቡ የሚቀረው ትንንሽ ከተሞች ላይ ነው። ብዛቱ ጥቂት ቢሆንም የሚያርፈው እናቶች ሻይ በሚያፈሉበት ቦታ ነው።

ታዲያ ዛሬ ተነስቶ መሄድ ይቻላል ወይ? በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የተነሳው ጦርነት ዋግን በቀጥታ መትቷል፤ ሰቆጣ እጅ ቀያይራለች፣ ከአበርገሌና ከዝቋላ ብዙ ሰው ተፈናቅሏል። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት ተፈረመ፤ ዓመት ሳይሞላው በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተቀሰቀሰ፤ በዚያው ላይ ድርቁ ተደረበ። አላማጣና ኮረም የይገባኛል ጥያቄ ያልተፈታባቸው ቦታዎች ናቸው። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ አንብቦ ነገ ጓዙን የሚጭን ሰው እንዲኖር አልፈልግም። መንገዱ መከፈቱን የሚናገረው የአካባቢው ሰው ነው፤ እሱ አይሆንም ካለ አይሆንም።

ብስክሌት ለእኛ ባዕድ ነው የሚለውን ግን አልቀበልም። ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትሳተፍ ከ12 ተወዳዳሪዎቿ አራቱ ብስክሌተኞች ነበሩ፤ ገረመው ደንቦባ በጎዳና ውድድሩ 24ኛ ወጣ። ከአራት ዓመት በኋላ አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሲያሸንፍ የአገሩ ዓይን ሁሉ ወደ ሩጫው ዞረ እንጂ ፔዳሉም ከመጀመሪያው ነበር። የመቀሌው ልጅ ጽጋቡ ግርማይ በ2008 ዓ.ም. ቱር ደ ፍራንስን የጋለበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። የተገኘውም ከዚሁ ከደጋው ነው። በጦርነቱ ጊዜ ነዳጅ ሲጠፋ የመቀሌ ሰው ወደ ብስክሌት ዞሯል። ባህር ዳር የብስክሌት ከተማ ተብላ ከታወቀች ቆይታለች። አዲስ አበባም በኮሪደር ልማቱ የብስክሌት መስመር ሠርታለች። የቀረው ይህ ሁሉ ወደ ተራራው መውጣቱ ነው።

ለዚህ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ፈረንጅ ቱሪስት አይመስለኝም። ሰቆጣ ላይ ማርሽ ያላቸው አሥር ብስክሌቶች፣ ማርሽ ማስተካከል የሚያውቅ አንድ ጎሚስታ፣ የነፋስ መግቢያውን የሚገጥም መንፊያ፣ መንገዱን በአቀበቱና በምንጩ የሚያውቅ ወጣት ቢኖር ሥራው ተጀመረ ማለት ነው። የዞኑ ባህልና ቱሪዝም መምሪያም ሆነ የባህር ዳርና የአዲስ አበባ የብስክሌት ክለቦች ይህን ያህል አያቅታቸውም። ሰላሙ በፈቀደ ቀን የመጀመሪያውን ጉዞ ከላሊበላ መጀመር ግዴታ አይደለም፤ ከሰቆጣ ውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ ደርሶ መልስ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ለአንድ ቅዳሜ ጠዋት ይበቃል።